እናቴን ማን ከሰሳት? ስለ ስኪዞፍሬኒያና ስለ ቤተሰብ የተከፈተ ክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ። ወንድሜ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ታመመ፤ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ተባልን። በየወሩ መርፌ ይወጋል፣ ማታ ማታ ክኒን ይውጣል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እናቴ ነው።

ባለፈው ወር ለክትትል ወሰደችው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ ወረፋ ይዛ ተራዋ የደረሰው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ስሙን በማልጠራው በዚያ የጤና ተቋም አንድ ባለሙያ ካርዱን እያገላበጠ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «እንዴት ብታሳድጊው ነው እንዲህ የሆነው?» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። መድኃኒቱን ጻፈና ቀጣዩን ጠራ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሒሳብ ላይ ናት። ልጅ ሳለ ጣና ዳር ሲዋኝ አግኝታው በአርጩሜ የገረፈችውን ታስባለች። ስድስት ዓመቱ ሳለ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዳ ከአያታችን ጋር የተወችውን ሁለት ወር ታስባለች። ጡት ያስጣለችበት ቀን እንኳ አልቀረም። ንስሐ አባቷ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፤ በሦስተኛው እሳቸውም ደከማቸው። ሌሊት ትነሣና በስልኳ መብራት በመጋረጃው ጥግ አጮልቃ ታየዋለች። ቀን ቀን እንጀራውን እየቆረሰች ታጎርሰዋለች፤ እሱ ፊቱን ያዞራል፤ እሷ ታለቅሳለች።

የአጎቴ ልጅ ሥነ ልቦና ይማራል። ከትምህርት ወረቀቱ አንድ ገጽ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። «ስኪዞፍሬኒያ አምጪ እናት» የሚል ስያሜ አለበት። እንግዲህ የምታውቁ ሰዎች ንገሩኝ፤ ይህን በሽታ በእርግጥ እናት ታመጣዋለች? ቤተሰብስ ምን ድርሻ አለው?

(ክሩ፣ ማለትም በመድረኩ ላይ ከጽሑፌ ሥር የተከታተለው ውይይት፣ በአምስት ቀን ሠላሳ ሦስት መልስ ደረሰው፤ ሠላሳ አራተኛው ከወር በኋላ መጣ። መልሶቹን በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሰልቺውን አልፌዋለሁ፤ ያናደደኝን ግን አላለፍኩትም።)

ቁጥር 1 እና 2። ሁለቱም እግዚአብሔር ይማርላችሁ ብለው ጀመሩ። ሁለተኛው ከሐይቁ ማዶ ያለ አንድ ጠበል ጠቁሞ፣ ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጭምር ጻፈልኝ። ከልቡ ነው፤ አመስግኜዋለሁ።

ቁጥር 3። በሽታው በእርግጥ ያ ነው ወይ፣ ምን ምን ያሳያል ብሎ ጠየቀ።

ቁጥር 4። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ አበዛ። ገላውን መታጠብ ተወ። ከዚያ ከሐይቁ የሚመጣው የጀልባ ሞተር ድምፅ ስሙን እየጠራ እንደሚያልፍ ነገረኝ። ማታ ጀልባዎቹ ቆመውም ድምፁ አልቆመም። በጆሮዎቹ ጥጥ መወተፍ ጀመረ።

ቁጥር 5። በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ብዙ ዓመት የሠራች ሴት ናት። እህቴ ብላ በረጋ አነጋገር ጀመረች። ያ ስያሜ የፍሪዳ ፍሮም ራይሽማን ነው አለች፤ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሐኪም ነበሩ፣ ቃሉን የጻፉት በ1948 ነው። ቀዝቃዛ ሆና የምትቆጣጠር፣ እየገፋች የማትለቅ እናት ልጇን ለዚህ በሽታ ትዳርገዋለች የሚል ሐሳብ ነበር። ነርሷ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋለች። ሐኪሞቹ ያዩት የታመመ ልጅ ይዛ የመጣችን እናት ነው። የጤነኛ ልጅ እናት ከጎን አስቀምጠው አላመዛዘኑም። ልጇ ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ያየች እናት ትደነግጣለች፣ ትቆጣጠራለች፣ ታጮልቃለች፤ ታዲያ የእናቲቱ ጠባይ ከበሽታው በፊት ነው የመጣው ወይስ በኋላ? ለንደን ውስጥ ሂርሽና ሌፍ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እስከዚያ የተጻፈውን ሁሉ በ1975 መርምረው፣ ወላጆች በሽታውን ያመጡታል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም። ባልደረባዋ ለእናቴ ስለተናገረው ቃልም እሱን ተክታ ይቅርታ ጠየቀች። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ቁጥር 6። የሥነ ልቦና ተማሪ ነው (የአጎቴ ልጅ አይደለም፣ አረጋግጫለሁ)። ነርሷን አረመ፤ ትንሽ በኩራት። ነገሩ በአንዲት ሴት የተጀመረና ያለቀ አይደለም አለ። ቴዎዶር ሊድዝ በ1957 ጣቱን ከእናቲቱ ብቻ አንሥቶ በባልና ሚስቱ ትዳር ላይ ቀሰረው፤ ወይ የተከፈለ ቤት ነው፣ ወይ አንዱ ሌላውን የሚጫንበት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1956 ግሪጎሪ ቤትሰን ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የድርብ ማሰሪያ ሐሳብን አወጣ። ተማሪው የጠቀሰው ምሳሌ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሆስፒታል የተኛ ወጣት እናቱ ልትጠይቀው ስትመጣ ደስ ብሎት ትከሻዋን ያቅፋል። እሷ ትደርቃለች። እጁን ያነሣል። ከእንግዲህ አትወደኝም ማለት ነው ትለዋለች። ፊቱ ይቀላል። ስሜትህን ለምን ትፈራዋለህ ብላ ደግሞ ትገሥጸዋለች። ቢያቅፍም ጥፋተኛ፣ ባያቅፍም ጥፋተኛ። ቤትሰን እንዲህ ያለ ነገር ከልጅነት ጀምሮ ሲደጋገም ልጁ የቃልን ትርጉም መለየት ያቅተዋል አለ።

ቁጥር 7። አንድ መስመር ብቻ ናት። አባትየው የት አለ?

ቁጥር 8። አባታችን ወንድሜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ እንደ ሞተ ጻፍኩ። ወዲያው መልስ አገኘሁ ብሎ የሚመጣ ሰው እንደሚኖር አውቅ ነበር፤ እንዳልኩትም ቁጥር 9 መጣ። ሐዘን ነው፣ ለቅሶው በወጉ ስላልወጣለት ነው አለ። ያው አባት የሞተብኝ እኔም አለሁ፤ ጀልባ ግን አይጠራኝም።

ቁጥር 10። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ጸሐፊው በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ፣ ቅኔ የተቀኙ አባት ናቸው። ለተማሪው ልጄ ብለው ጀመሩ። በአንድ ቃል ሁለት ነገር መስማት የሚያሳብድ ቢሆን፣ ዋሸራና ጎንጅ ባዶ ቀርተው ተማሪው ሁሉ አማኑኤል ሆስፒታል በተገኘ ነበር አሉ። እኛ እኮ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያላገኘ ልጅ በመምህሩ የሚወቀስበት አገር ሰዎች ነን። ቅኔውን ተዉት፣ የእንግዳውን ወግ እዩ አሉ። እንግዳ ርቦት በልቻለሁ ይላል። ባለቤቲቱ ከልቧ ካመነችው ባለጌ ትባላለች። በሞቴ ትለዋለች። እንቢ ይላል። አፈር ስሆን ትላለች። አራተኛው ጉርሻ ላይ ማዕዱን ያጠናቅቀዋል። አፉ እንቢ፣ ሆዱ እሺ፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላበደም። ፈረንጁ ሰውዬ የጎጃም ምሳ ላይ አንድ ቀን ቢቀመጥ ኖሮ ሐሳቡን ደግሞ ያስብበት ነበር ብለው ጨረሱ።

ቁጥር 11። ተማሪው በትሕትና መለሰ፤ አነጋገሩም ተለወጠ፣ አባቴ ማለት ጀመረ። ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ አስረዳ። በቅኔ ወርቁን ያገኘ ይመሰገናል። በግብዣውም ጨዋታውን ሁሉም ያውቀዋል፣ የፈለገ ሰው ቀልዶበት ይወጣል። ቤትሰን ያለው ግን ልጁ መውጫ የለውም፣ ሁለቱ ቃላት እንደሚጣረሱ መናገርም አይፈቀድለትም። ሆኖም ሐሳቡ እንዲህ ቢያምርም፣ የበሽተኛ ቤተሰብ ከሌላው ቤተሰብ ይልቅ እንዲህ እንደሚናገር ማንም በልኬት ሊያሳይ እንዳልቻለ ራሱ አመነ።

ቁጥር 12። አባትየው ተመልሰው ነገሩን ወደ ሌላ ወሰዱት። በተማሪነታቸው አብሯቸው ይለምን የነበረ አንድ ጓደኛ ነበራቸው፤ ቅኔ በመቁጠር የሚስተካከለው አልነበረም። በአንድ ክረምት ጎጆውን ትቶ ወጣ። ሁሉም ትምህርት አዞረው አሉ። ገሚሱም ሌሊት ድግምት ሲደግም ነው አሉ። እሳቸው እስከ ዛሬ የሚያስቡት ጓደኛቸው ሄዶ የተቀመጠበትን የሾላ ዛፍ ነው፤ ደበሎውን አውልቆ ከሥሩ አጥፎ አስቀምጦት ነበር፣ አጣጥፎ፣ በሥርዓቱ።

ቁጥር 13። ነርሷ ናት። ትምህርት አዞረው የሚባለው ለምን እንደሆነ ቀላል ምክንያት አለው አለች። ይህ በሽታ በወንዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ነው፤ በሴቶች ትንሽ ዘግየት ይላል። ያ ዕድሜ ድሮ የቅኔ ቤት፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ በአጠገቡ ስለተገኘ ተከሰሰ። እናትም እንዲሁ በአጠገቡ ስለተገኘች ነው የተከሰሰችው ብላ አከለች።

ቁጥር 14። ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። አንድ ሰው መጥቶ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው፣ ልክፍት ነው፣ ጋኔን ነው፣ መርፌው ጋኔኑን ያስተኛዋል እንጂ አያስወጣውም አለ። ጎረቤቱ በጠበል እንደ ዳነም መሰከረ። እኔንም እምነት አጥታ ነው ብሎ ወቀሰኝ። አያውቀኝም።

ቁጥር 15። መልሱ ከአንድ ወንድሙ ከታመመበት ሰው መጣ፤ ለስላሳ ቃል አልነበረውም። ወንድሙ ሰባት ወር በሰንሰለት ታስሮ ጠበል ከርሟል። ክኒኑን አስጥለውታል። ሲመለስ የቁርጭምጭሚቱ ቆዳ ተገሽልጦ ነበር፤ እስከ ዛሬ በዚያ እግሩ ካልሲ አይደርብም። የጠበሉን ቅድስና አልነካሁም፣ ሰንሰለቱን የቀደሰው ማን ነው ብሎ ነው የጠየቀው። ቁጥር 14 በቁጣ መልሶለት፣ መልሱ በመድረኩ ኃላፊ ተሰረዘ፤ ስለዚህ አልደግመውም።

ቁጥር 17። መሃል ገብታ ያበረደች አንዲት ሴት ናት። የኤችአይቪ መድኃኒት የመጣ ሰሞንም ይኸው ጭቅጭቅ እንደነበረ፣ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ይውሰዱ ብለው እንደተናገሩ አስታወሰች። ለዚያ የተፈቀደ ለዚህ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም አለች።

ቁጥር 18። ነርሷ አጭር፣ ጠቃሚ ነገር ጻፈች። ብዙ ታካሚ መድኃኒት የሚያቋርጠው በጾም ነው፤ ጠዋት እህል ሳይቀምስ ክኒን መዋጥን ይፈራል። ዝም ብሎ ከማቆም ሐኪሙን ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ሊዛወርለት ይችላል። በየወሩ የሚወጋው መርፌም ለዚህ ይረዳል። እኛ ቤት የሁዳዴን ጾም እንዲህ ነው ያለፍነው።

ቁጥር 19 እስከ 22። ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ የባሕር ዳር ልጅ የሚያብደው በጫት ነው፣ ዙሪያውን ተመልከቱ፣ ጤፍ ይበቅልበት የነበረው ሁሉ ጫት ሆኗል አለ። ሌላው ገበሬ ነኝ ብሎ፣ ልጆቼን ያስተማረው ጫቱ ነው፣ ጤፉ አይደለም ሲል መለሰ። ነርሷ ብዙ መቃም በሽታውን ሊቀሰቅስ፣ ያለውንም ሊያባብስ እንደሚችል ለማስረዳት ሞከረች፤ የሰማት የለም። ከጫት ወደ መስኖ፣ ከመስኖ ወደ ጣና፣ ከጣና ወደ እምቦጭ ሄዱ። እምቦጭን ማን ያጥፋው የሚለው ጠብ ግማሽ ቀን ፈጀ። ወንድሜ ቅሞ አያውቅም ብዬ ጽፌ ወደ ጥያቄዬ እንዲመለሱ ለመንኳቸው። ሁለቱ ይቅርታ ጠየቁ።

ቁጥር 23። ባሕር ዳር ተወልዶ ለንደን ከአእምሮ ታማሚ ቤተሰቦች ጋር የሚሠራ ሰው ነው። ረጅም ጻፈ። በ1950ዎቹ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ከመጣ በኋላ፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ብዙ ዘመን ተዘግቶባቸው የኖሩ ሰዎች ወደ ቤት መመለስ ጀመሩ። ጆርጅ ብራውን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ከመጡት ውስጥ እነማን በሽታው እንደሚያገረሽባቸው ተከታተለ። ሁሉም የጠበቀው ቤተሰብ ያለው ይሻለዋል ብሎ ነው። የሆነው ተቃራኒው ነበር። ከወላጅ ወይም ከሚስት ጋር ለመኖር የሄዱት፣ ክፍል ተከራይተው ከባዕድ ጋር ከኖሩት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ተመለሱ። ብራውን ቤተሰቦቹን እያነጋገረ ንግግራቸውን መዘነ። ሦስት ነገር ላይ ደረሰ፤ ወቀሳ፣ ጥላቻ፣ ከመጠን ያለፈ መንሰፍሰፍ። በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ እነዚህ በበዙበት ቤት ከሚኖሩት በዘጠኝ ወር ውስጥ 58 በመቶው ላይ አገረሸ፤ በረገበው ቤት 16 በመቶው ላይ ብቻ። ቮንና ሌፍ በ1976 ደገሙት፤ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። እነዚህ በበዙበት ቤት በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት አብሮ መዋል ደግሞ አደጋውን ያከብደዋል።

ቁጥር 24። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥሩ አልጻፍኩም። እናቴን በፊት በር አስወጥታችሁ በጓሮ በር አስገባችኋት አልኩ። ሠላሳ አምስት ሰዓት የሚለውን አይቼ በወረቀት ደምሬ ነበር። የኛ ቤት ሁለት ክፍል ነው። እናቴ ሥራ የላትም። እሱ አይወጣም። በሳምንት ከሰባ ሰዓት በላይ መጣ፤ ከመጋረጃው ጀርባ የምታጮልቅበትን ሳልቆጥር። አጎርሳዋለሁ ማለቷ፣ ማታ ማታ መቃኘቷ፣ መንሰፍሰፍ ተብሎ ተመዘነ ማለት ነው። ሰው ልጁን በመውደዱ ይመዘናል?

ቁጥር 25። ሰውዬው አልተቆጣም። ሁለት ነገር ለይቼ ልበል አለ። አንዱ በሽታውን ያመጣው ምንድን ነው ነው፤ ሌላው ከመጣ በኋላ የሚያባብሰው ወይም የሚያረግበው ምንድን ነው ነው። አስም ያለበትን ሰው የምድጃ ጭስ ያባብሰዋል፤ ምድጃ ያቀጣጠለችውን አስም አመጣሽ የሚላት የለም። ይኸው ልኬት በድብርት ታማሚዎችም ቤት ተሠርቶ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሊታረምም ይችላል። ሌፍና ባልደረቦቹ በ1982 ባሳተሙት ሙከራ ሃያ አራት ታማሚዎች ነበሩ፤ ሁሉም መድኃኒት ይወስዳሉ። የግማሾቹ ቤተሰቦች ስለ በሽታው ተማሩ፣ እርስ በርስ እየተገናኙ ተመካከሩ፣ አብሮ የመዋያ ሰዓታቸውን ቀነሱ። በዘጠኝ ወር ውስጥ ካልተማሩት ቤቶች በግማሹ አገረሸ፤ ከተማሩት አሥራ ሁለት በአንዱ ብቻ። በሕንድ ቻንዲጋር በተጠና ጊዜም ወቃሽና ተንሰፍሳፊ ቤተሰብ ከለንደኑ ይልቅ ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ዘመድ ይበዛል፣ ሸክሙ በብዙ ትከሻ ይከፋፈላል። ይህን ሳነብ የጻፍኩት አሳፈረኝ። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት፤ እንዲህ ብሎ የተናደደ ሌላ ሰው ቢያነብበው ይሻላል።

ቁጥር 26። ከሁሉ የሰላው መልስ ይህ ነው። ባሏ ለአሥራ አንድ ዓመት የታመመባት ሴት ናት። ድምፅ ቀንሱ ማለት ቀላል ነው አለች። ባሏ አንድ ቀን የቤቱን በር ከነመቃኑ ነቅሎ ለመንገደኛ ሰጠ። ያን ሌሊት ከሁለት ልጆቿ ጋር በር በሌለው ቤት አደረች፤ ጠዋት ጮኸችበት። መዝግቡልኝ አለች፤ ወቀሳ አንድ፣ ጥላቻ አንድ። የሱን ሰዓት የሚቆጥር ተገኘ፣ የኔን ሰዓት ማን ቆጠረው? ከዚህ በኋላ ለብዙ ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም።

ቁጥር 27። አንድ ጋሼ ዛሬም ወጣቱ ሰነፍ ነው፣ እርሻ ላይ ቢውል ይሻለው ነበር የሚል ነገር ጣሉ።

ቁጥር 28። ነርሷ እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብላ፣ ይህን የሚሉት ብቻዎን አይደሉም አለች። ድምፅ የሚሰማን ሰው ቤተሰቡ በሽታ ነው ብሎ ይቅር ይለዋል። የማይታጠብ፣ የማይነሣ፣ የማይናገር ሲሆን ግን ስንፍና ይለዋል፤ ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚወርደውም እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱን የወሰደው ራሱ በሽታው ነው። ለቁጥር 26ም ጻፈችላት፤ ምን እንደ መለሰችላት ግን በግል ስለሆነ አላየሁም።

ቁጥር 29። ተማሪው ስለ ዘር አመጣ። ጎትስማን የተባለ አሜሪካዊ የአውሮፓን ጥናቶች አሰባስቦ እንዳሳየው፣ በማንኛውም ሰው ላይ አደጋው አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ላይ ዘጠኝ፣ ተመሳሳይ መንታው የታመመበት ላይ 48 በመቶ። ዘር ብቻ ቢሆን መቶ ይሆን ነበር። በ1930 አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ አራት ተመሳሳይ እህትማማቾች ነበሩ፤ አራቱም በዚህ በሽታ ታመሙ። ነገር ግን አንዷ አግብታ ልጆች ወልዳ ስትኖር፣ ሌላዋ አብዛኛውን ዕድሜዋን ራሷን ችላ መኖር ሳትችል ቀረች። ደሙ አንድ፣ ቤቱም አንድ። ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ቲየናሪና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት አለ። እናቶቻቸው የታመሙ፣ በጉዲፈቻ ሌላ ቤት ያደጉ ልጆችን ተከታተሉ። ጠብ በበዛበት ቤት ያደጉት ብዙ ታመሙ፤ ሰላም ባለበት ቤት ያደጉት ግን በጣም ጥቂት። በዘራቸው የሌለባቸውን ልጆች የቤቱ ጠብ ያን ያህል አልጎዳቸውም።

ደስ አለኝ። በመጨረሻ እናቴን ነጻ የሚያወጣ ወረቀት አገኘሁ ብዬ ለማተም ተነሣሁ።

ቁጥር 30። ከዚያ አንድ ሰው በጨዋ አነጋገር ጠየቀ። ታዲያ ጠያቂዋ እህት ያገባች ናት ወይ? እንዲህ ያለ ነገር በዘሩ ካለ ቤተሰብ ጋር መጋባት ይመከራል ወይ? ልጠቅም ብዬ ነው አለ።

በአገራችን ሽማግሌ ሲላክ ዘር እንደሚጣራ ሁላችንም እናውቃለን። ለምጽ አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ያበደ አለ ወይ። አላገባሁም። አንድ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ ስለ ወንድሜ ገና አልነገርኩትም። ከእናቴ ላይ ያነሣሁት ድንጋይ እኔ ላይ እንደሚያርፍ አላሰብኩም ነበር።

ቁጥር 31። ቡታጅራ አካባቢ የተሠራን ጥናት የሚያውቅ ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ወደ ስድሳ ስምንት ሺህ የሚሆን ሰው ቤት ለቤት ጠይቀው ታማሚዎችን አገኙ፤ አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል አይተው አያውቁም ነበር። ከዚያው ከ178 የታማሚ ዘመዶች ጋር ተነጋግረው በ2001 ያሳተሙት አለ፤ 75 በመቶው በሰው ፊት መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ፣ 37 በመቶው ሕመምተኛ እንዳላቸው መደበቅ ይፈልጋሉ። ይህን ቁጥር ሳየው የአክስቴ ልጅ ሠርግ ትዝ አለኝ። ወንድሜን ቤት ቆልፈንበት ሄድን። ቁልፉ በእናቴ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል ስትል ቋጠሮው ሲወዛወዝ አየሁት። ስለ ጋብቻውም ሰውዬው ለቁጥር 30 መልስ ሰጠ። የታማሚ እህት ለምትወልደው ልጅ አደጋው አራት በመቶ ገደማ ነው፤ ከመቶ ዘጠና ስድስቱ አይታመምም። አመስግኜዋለሁ። ለሚጠይቀኝ ሰው የምነግረው ግን በመቶኛ አይደለም።

ቁጥር 32። አጭር ናት፤ በሽታው ያለበት ሰው የጻፋት ነች። ይህን ሁሉ ስታወሩ ከእኛ ወገን የተጠየቀ የለም አለ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደ ቀልድ። እናቱ በገባች በወጣች ቁጥር ድምፁ ዛሬም አለ ወይ እያለች ትጠይቀዋለች። እሱ የሚፈልገው ስለ ኳስ የሚጠይቀው ሰው ነው። ሌላም ነገር ጨመረ። በሚቀጥለው ክፍል ሰው ሲንሾካሾክ ድምፆቹ ይጨምሩበታል። ጮክ ብሎ የሚወራ ነገር የሌላ ሰው ነገር ነው፤ የሚንሾካሾኩት ግን ስለ እሱ መሆን አለበት። እውነቱን ነው፣ ስለ እሱ ነበር።

እኛ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ስንንሾካሾክ ኖረናል። ለእሱ ብለን።

ቁጥር 33። ነርሷ ይህን ለእናቴ እንዴት ልንገራት ብዬ ለጠየቅኳት መልስ ሰጠች። ጥፋተኛ አይደለሽም ብሎ መጀመር፣ ከዚያ አነጋገርሽን ቀይሪ ማለት አይሰማም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይበላዋል። ቁጥር 10 አባታችን ይህ ነው ድርብ ማሰሪያ ብለው ይሳለቁ ይሆናል አለች። የመጀመሪያውን ብቻ ንገሪያት፣ ለሁለት ሳምንት ሌላ ምንም አትጨምሪ አለችኝ።

እንዳለችው አደረግሁ። እናቴ ቡና እያፈላች ሳለ፣ በሽታውን አንቺ አላመጣሽውም፣ ይህን የመረመሩ ሰዎች ናቸው ያሉት አልኳት። ረከቦቱን አስተካከለች። ማን ናቸው አለች። የውጭ አገር ሐኪሞች አልኳት። ልጅ ወልደዋል አለች። ወልደው ይሆናል አልኳት። ዝም ብላ ቀዳች። ሁለተኛዋን ስታቀርብ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ኖሮ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ቁጥር 34። ከወር በኋላ ቁጥር 26 ተመልሳ ወንድምሽ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። መልሱ ይኸው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር መረብ የሚጠግን ጎረቤት አለን፤ ወንድሜን ክር እንዲይዝለት ይወስደዋል። ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ሦስት። ብዙ አያወሩም። ጀልባ ሲያልፍ ወንድሜ ቀና ይላል፣ ሰውዬው ቋጠሮውን ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ይዛ እየተከተለችው ከደንገሉ ጀርባ ትቆም ነበር፤ አሁን ከግቢው በር አትርቅም። ስለ መንሾካሾኩም ነገርኳት፤ ያ ከበሽተኛ የመጣ ቃል ስለሆነ ይመስለኛል ወዲያው ተቀበለችው። አሁን ሁሉን ነገር ጮክ ብላ ታወራለች፤ እድሩን፣ ዘይቱን፣ የቄሱን ጉንፋን። ትናንት ማታ ከጎረቤታችን ጋር በግንቡ ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስትጮህ፣ ወንድሜ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ስንት ገባ አላት።